በፈቃድሽ ነው?

«ትንሿ ትሰጣለች፤ እሷ ደግሞ መቼ እንቢ ብላ ታውቃለች? ሁለቱንም በአንድ ቀን እንገላገላለን» ሲል ታላቅ ወንድሟን የሰማችው ማለዳ ላይ፣ ማድ ቤት ቆማ እሱና ሚስቱ ቁርስ የበሉበትን ሳህን ስታጥብ ነው። ደንገጥ ብላ ቧንቧውን ዘጋች። ሚስትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር መለሰች፤ ከዚያ ወንበር ተጎተተና ሳሎኑ ጸጥ አለ። ባልና ሚስቱ ሆስፒታሉ ይቀርበናል ብለው ትናንት ማታ እሷ በምትኖርበት፣ የእሷና የወንድሟ እናት ትተውት ባለፉት ቤት ነበር ያደሩት፤ አልጋውን የለቀቀችላቸው እሷ፣ ሶፋ ላይ ተጣጥፋ ያደረችውም እሷ ናት። «ሁለቱንም» ያለው ምንና ምኑን እንደሆነ አልገባትም። አንዱ ደሟ ነው፤ እሱን ታውቀዋለች። ሌላው ምን ይሆን እያለች እጇን በቀሚሷ አበሰችና የመጨረሻዋን ብርጭቆ ሳታለቀልቃት አስቀመጠቻት።

ትንሿ ይሏታል እንጂ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ በግንባሯ በኩል ገብስማ ሆኗል፤ ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል። የሦስት ልጆች መጨረሻ ሆና ስለተወለደች ስሙ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተለጥፎባት ቀረ። የምትሠራው የአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ውስጥ ነው፤ በቀን ሁለት መቶ አንሶላ ትተኩሳለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ወታደር ሳትሆን ዕድሜዋን በሙሉ ስትተኩስ የኖረች» እያሉ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። እናታቸው አልጋ ላይ በዋሉበት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገላቸውን ያጠበች፣ ጎናቸውን ያገላበጠች፣ ማታ ማታ መድኃኒታቸውን ቆጥራ የሰጠች እሷ ነበረች። ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ የአንድ ትልቅ መጋዘን ኃላፊ ነው፤ ዕቃም ሰውም መደርደር ይወዳል። እህቷ እትዬ ደግሞ የሦስት ልጆች እናትና አስተማሪ ናት። ሁለቱም በበዓል በበዓል ብቅ ይሉ ነበር፤ እናትየው ካረፉ ወዲህ ግን ያም ቀርቷል። አሁን የሰበሰባቸው የእትዬ ማህፀን ውስጥ የበቀለ ዕጢ ነው። ለወራት ሲያደማት ከርሞ ፊቷ እንደ ሻማ ነጥቷል፤ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ሊያወጣው ቀጠሮ ይዟል፤ ግን መተኪያ ደም ካልተዘጋጀ ቢላዋ አላነሳም ብሏል።

ደም ደግሞ ጠፋ። ደም ባንኩ ውስጥ ያለው ሁሉ እየተቀዳ ከእትዬ ደም ጋር ሲሞከር ይጓጉላል። አርባ አንድ ከረጢት ሞክረው አርባ አንዱም አልሆነም። ባለፈው ሳምንት ጋሼንም ትንሿንም ጠርተው ከክንዳቸው ጥቂት ጥቂት ቀዱ፤ ትናንት ስልክ ተደወለና «የታናሿ ደም ይስማማል፤ ነገ ትምጣ» ተባለ። የተደወለው ለጋሼ ነው። ለትንሿ የነገራት ጋሼ ነው፤ ያውም «ነገ ከሥራ ቅሪ» በሚል አማርኛ።

ሆስፒታሉ ደጃፍ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም፤ ሰልፉ ግን ግቢውን ዞሮ አጥሩ ጋ ደርሷል። መስኮት አንድ ወደ መስኮት ሦስት ላካቸው። መስኮት ሦስት «ካርድ አውጡ» አለ። ካርድ የሚያወጣው ልጅ እጁን አጣምሮ «ሲስተም የለም» አለ፤ መቼ እንደሚመጣ ሲጠየቅ እሱ እንዳልወሰደው ሁሉ ትከሻውን ሰበቀ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆሙ። ጋሼ አንድ ጥቁር አቃፊ በብብቱ ሸጉጦ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል፤ ሚስቱ ብቸኛዋን ወንበር ይዛለች። ትንሿ ሰልፉ ላይ እንደቆመች ለአለቃዋ ደወለች።

«ለሞት ካልሆነ አትቅሪ ብዬሽ አልነበር?» አለቻት አለቃዋ።

«ለሞት እንዳይሆን ነው የቀረሁት።»

«እንግዲያው ከዓመት ፈቃድሽ ይያዛል» ብላ ዘጋችባት። ትንሿ ስልኩን እያየች ቆየች። የዓመት ፈቃዷ እንደሆነ በእናቷ መጨረሻ ወራት ተበልቶ፣ የሚቀጥለውንም ዓመት ጨምሮ በብድር ሄዷል።

ሲስተሙ ሲመጣ ወደ ደም ክፍሉ አስገቧቸው። የተቀበለቻቸው ጡረታ የተቃረበች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ትንሿን ሚዛን ላይ አወጣቻት። አርባ ስድስት ኪሎ። «ለጥቂት አመለጥሽ፤ ከአርባ አምስት በታች ብትሆኚ አልነካሽም ነበር» አለችና ወንበር ሰጠቻት። ጋሼ ሰዓቱን እያየ «ይኸ ነገር ግን ምንድን ነው? ዘራችን ውስጥ በሽታ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«በሽታ አይደለም» አለች ባለሙያዋ። «ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ስስ ቆዳ ያለ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ላይ ብዙ ዓይነት መተላለፊያ አለ። አንዱ ውሃ ያሳልፋል፣ አንዱ ስኳር፤ አንዱ ደግሞ ዩሪያ የሚባለውን፣ በሽንት የምናስወግደውን ነገር ያስገባል፣ ያስወጣል። መተላለፊያው የተሠራው ከፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን ሥራ ብሎ የሚያዘው ጂን ነው፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት እንወርሳለን። የእናንተ አባትና እናት አንድ አንድ የተበላሸ ነበራቸው። ሁለቱ እህቶች ከሁለቱም ወገን የተበላሸው ደረሳቸው። ስለዚህ ያ መተላለፊያ ደማቸው ላይ የለም።»

«ሳይኖረን እንዴት ኖርን?» አለች ትንሿ።

«አይጎዳማ። ሰው ሳያውቀው ዘጠና ዓመት ይኖራል። ጣጣው ደም ሲሰጠው ነው። እህትሽ የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደም ወስዳለች፤ ያን ጊዜ ሰውነቷ ይኸን መተላለፊያ አይቶት ስለማያውቅ ጠላት መጣ ብሎ ተነሣበት። አሁን መተላለፊያው ያለበት ደም ሁሉ ሲገባባት ያጠፋዋል፤ እሷንም ያጠፋታል። የሚሆናት እንደሷ ያለ ሰው ደም ብቻ ነው። እንደሷ ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን ያገኘነው አንቺን ነው።»

«የኔስ?» አለ ጋሼ።

«እርስዎ አለዎት። ቢያንስ አንዱ ጤነኛ ደርሶዎታል።»

«እኔ እንግዲህ ሙሉ ነኝ ማለት ነው» አለና ወደ ሚስቱ ዞሮ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። ባለሙያዋ አልሳቀችም። ለትንሿ አንዲት የታሸገች ካርድ ሰጠቻትና ከኪስ ቦርሳዋ እንዳትለያት አስጠነቀቀቻት፤ አንድ ቀን እሷም አደጋ ደርሶባት ብትወድቅ ማንም ዝም ብሎ ደም እንዳይሰጣት፣ የሚሆናትም የእህቷ እንደሆነ እንዲታወቅ። ትንሿ ካርዷን አገላብጣ አየቻት። ከዓለም ሰው ሁሉ ነጥሎ ከእትዬ ጋር ያቆራኛት ነገር ይኸው ሆነ፤ ከእትዬ ጋር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከ«ደህና ነሽ?» ያለፈ ቃል ካልተለዋወጠቻት ሴት ጋር።

ባለሙያዋ መርፌውን ልታዘጋጅ ወደ ውስጥ ስትገባ፣ ጋሼ ትንሿን ኮሪደር ላይ አስቁሞ አቃፊውን ከፈተ። «በይ፣ እዚህ፣ እዚህና እዚህ ፈርሚ። ሰዓት የለንም።» የመጀመሪያው ወረቀት የደም ለጋሾች ቅጽ ነው፤ ፈረመች። ሁለተኛው የእትዬን ኦፕራሲዮን ቤተሰብ ማወቁን የሚገልጽ ነው፤ ፈረመች። ሦስተኛው ላይ የጋሼ መዳፍ ተዘርግቷል፤ ከሥር ያለው የፊርማ ቦታ ብቻ ነው የሚታየው። ወረቀቱ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፤ የሆስፒታሉም ማኅተም የለበትም። ትንሿ እስክሪብቶውን እንደያዘች የወንድሟን እጅ በቀስታ አነሣች። በሕይወቷ የጋሼን እጅ ከነገር ላይ አንስታ አታውቅም፤ እሱም ገርሞት አልከለከላትም። «የወራሾች ስምምነት» ይላል ከላይ። የእናታቸው ቤት እንዲሸጥ ሦስቱም ወራሾች መስማማታቸውን፣ ገዢውም የተገኘ መሆኑን፣ በቤቱ የሚኖር ሰው በአንድ ወር ውስጥ ለቅቆ እንደሚወጣ ይዘረዝራል። «በቤቱ የሚኖር ሰው» እሷ ናት። ስሟን እንኳ አልጻፉትም። ከሥር የጋሼ ፊርማ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያቺ ጅራቷ እንደ ድመት የምትጠቀለል የእትዬ ፊርማ አለች፤ በተማሪዎቿ ካርድ ላይ ስትፈርም ስንቴ አጠገቧ ተቀምጣ አይታታለች።

«ይኸ ምንድን ነው ጋሼ?»

«እንዳየሽው ነው። አሁን ማብራሪያ የምንሰጣጥበት ጊዜ አይደለም። እህትሽ ሞት አፋፍ ላይ ናት፤ አንቺ ወረቀት ታገላብጫለሽ።»

«መጣሁ» ብላ ወረቀቱን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ከኋላዋ «የት ነው? የት ነው የምትሄጂው?» ሲል ሰማችው፤ ጉልበቷ እየተንቋቋ ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ዞራ አላየችም።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለበት። እትዬ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም፣ ጥፍሮቿ ነጭ ናቸው። ትንሿ ወረቀቱን አንሶላው ላይ አስቀመጠችው።

«ፈርመሻል» አለች።

እትዬ ወረቀቱን አየችው፤ ከዚያ ጣሪያውን አየች። «ጋሼ ወረቀቱን ሰጠሽ እንዴ? ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ይሁን ብዬው ነበር እኮ። እሱ መቼ ሰው ይሰማል።»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ምን ላድርግ? በየቀኑ እየመጣ ነዘነዘኝ። ልጆች አሉብኝ፣ ይኸ ሆዴ አለብኝ። አንቺም ፈርሚለትና እንገላገል፤ ታውቂው የለም እንዴ?»

«እኔ የት እገባለሁ እትዬ?»

ጎረቤት ያለችው በሽተኛ ተኝቻለሁ ለማለት ዓይኗን ጨፈነች፤ ሽፋሽፍቷ ግን ይርገበገባል። ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። «እኔ ጋ ነዋ!» አለች እትዬ በመጨረሻ፣ ነገሩ አሁን ገና የታያት መሆኑ ከድምፅዋ እየታወቀ። «ምን ጥያቄ አለው? ልጆቹ ይወዱሻል። ደግሞ እኔ ከዚህ ስወጣ ጎንበስ ቀና ማለት አልችልም፣ ከባድ አላነሣም፤ አንቺ ትኖሪልኛለሽ።»

ትንሿ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ብዙ ነገር ነበር የመጣው። የእናታቸውን ዘጠኝ ዓመት፣ የሶፋውን ብረት፣ አንድ ቀን መጥቶ «አንቺ እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሱን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው አለመኖሩን፤ ሁሉንም ልትለው አሰበችና እጇን ስታይ አንሶላውን እያስተካከለች ነው። የአልጋውን ጥግ አጥፋ ከፍራሹ ሥር ሸጉጣለች፣ ጨማዳውን በመዳፏ እየተኮሰች ነው። ማንም አላዘዛትም። እጇ ራሱ ነው የሄደው። ከሁሉም ይበልጥ ያናደዳት ይኸ ነው፤ ከጋሼም፣ ከእትዬም፣ ከወረቀቱም ይበልጥ። እጇን እንደ ተቃጠለ ሰው ሳበችው፤ ወረቀቱን አነሣች፤ ወጣች።

ከታች ባለሙያዋ ስትጠብቃት ቆይታ ለብቻዋ አስገባቻት፤ ጋሼ ሊከተል ሲል በሩ ተዘጋበት። ቅጹ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በተርታ አነበበችላት። ቁርስ በልተሻል? በላሁ፤ ዳቦና እንቁላል። እንቅልፍ ተኝተሻል? እንደነገሩ። መድኃኒት ትወስጃለሽ? አልወስድም። «በፈቃድሽ ነው የምትሰጪው? ማንም አላስገደደሽም?»

እስክሪብቶው ምልክት ከሚደረግባት ሣጥን በላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። ቀላል ጥያቄ ነው፤ ባለሙያዋ በቀን ሠላሳ ሰው ትጠይቀዋለች። ትንሿ ግን ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ባለሙያዋ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ መነጽሯን አወለቀች።

«ስሚኝ የኔ እህት። አልፈልግም ካልሽ፣ አልፈልግም ማለት ነው። ‘ለዛሬ አትሆንም’ ብዬ እጽፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ለማንም አልናገርም። ግፊቷ ወርዶ ነው ይበሉ፣ ደም አንሷት ነው ይበሉ፤ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«እሷስ?»

«እሷን አልዋሽሽም። ሌላ ከተማ እንጠይቃለን፣ ሌላ አገርም እንጽፋለን። ይገኝ ይሆናል። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እሷም ብዙ ጊዜ ያላት አይመስለኝም።»

ትንሿ ጉልበቷ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። እንቢ ብትል የጋሼ ፊት ምን ሊመስል እንደሚችል አሰበችው፤ እንደ ማር ጣፈጣት። አፉ ሲከፈት፣ አቃፊው ከብብቱ ሲወድቅ፣ ያቺ «ሙሉ ነኝ» ያለባት ሳቁ ስትደርቅ ታያት። ቀጥሎ ደግሞ ጋሼ አቃፊውን አንስቶ፣ ቤቱ ሄዶ ምሳውን ሲበላ ታያት። ምሳውን መብላቱ አይቀርም። ፎቅ ላይ ያለችው ናት የማትበላው። እንቢታዋ መንገድ ስቶ ሌላ ሰው ላይ ሊያርፍ ነው።

«ደሙ በፈቃዴ ነው» አለች። «ሌላው ግን አይደለም።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«ሌላ ወረቀት ነው። የእናንተ አይደለም።»

ባለሙያዋ አልጠየቀችም። ምልክቱን አደረገች፣ አልጋው ላይ አስተኛቻት፣ የግራ ክንዷን አሰረችና የጎማ ኳስ አስጨበጠቻት። መርፌው ሲገባ ትንሿ ጥርሷን ነከሰች። ቱቦው ቀላ፤ ከረጢቱ ሚዛኑ ላይ ሆኖ ይወዛወዝ ጀመር። ኳሱን ጨበጥ፣ ለቀቅ። ግማሽ ያህል እንደሞላ በሩ ተከፈተና ጋሼ ገባ። ከረጢቱን አየው፤ ፊቱ ፈካ። ወረቀቱን ከደረቷ ላይ አነሣና አቃፊው ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ወደ ቀኝ እጇ ዘረጋላት።

«በይ እንጂ፤ ቀኝ እጅሽ እንደሆነ ሥራ ፈትቷል። ገዢው ከሰዓት በኋላ እየጠበቀኝ ነው።»

ትንሿ ቀኝ እጇን አየችው። እውነቱን ነው፤ ሥራ ፈትቷል። ቀስ ብላ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባችው።

«እንቢ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እንቢ አልኩህ ጋሼ። አልፈርምም።»

ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ቃሉ ለአፏ እንግዳ ስለሆነ ከወጣ በኋላ እሷም ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችው። ጋሼ ጎንበስ አለ። «ለእህትሽ ማሰብ አቃተሽ? በዚህ ሰዓት በእህትሽ ላይ ትጨክኛለሽ?»

«ለእህቴ የሰጠሁት ይኸውልህ፣ አጠገብህ እየተመዘነ ነው። ያንተ ግን እዚህ ውስጥ የለም።»

«አንቺ ብቻሽን በዛ ቤት ምን ልትሠሪበት ነው? እኛ እኮ ላንቺ ብለን...»

«ወንድም» አለች ባለሙያዋ ከጀርባው፣ ጓንቷን እያወለቀች። «ሴትዮዋ ደም እየሰጠች ነው። ይውጡልኝ።» ጋሼ መጋዘን ውስጥ የሚያዘው ብዙ ሰው አለ፤ እዚህ ግን በነጭ ጋውን የቆመች አሮጊት አዘዘችው፤ ወጣ። በሩን ሲዘጋ መስታወቱ ተንቀጨቀጨ። ትንሿ ከዚያ በኋላ ኳሱን ከሚገባው በላይ አጥብቃ መጨበጧን ያወቀችው ባለሙያዋ «ቀስ፣ ቀስ፤ ይበቃል፤ ሞልቷል» ስትላት ነው።

እትዬ በማግሥቱ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሆነች። ደሙ ገባላት፤ አልተጓጎለም። ጋሼ በዚያው ከሰዓት ሚስቱንና ሻንጣውን ይዞ ከእናታቸው ቤት ወጣ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አልተወም፤ ደህና ዋይም አላላትም። ትንሿ ሥራ ገብታ አንሶላዋን መተኮስ ቀጠለች። ራሷን ሁለት ቀን ያህል አዞራት፤ አለቃዋ «ደም መስጠት ከፈለግሽ በሳምንት መጨረሻ ስጪ» አለቻት።

በአምስተኛው ቀን ስልኳ ጠራ። እትዬ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

«ጋሼ ተቀይሞሻል። ፍርድ ቤት ነው የምንገናኘው እያለ ነው።»

«ይሂድ።»

ትንሿ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ ካውያውን አቆመችው። «ሐኪሙ» አለች እትዬ፣ «ደሙ ባይኖር ኖሮ ከጠረጴዛው አትነሺም ነበር አለኝ።» ትንሿ ጠበቀች። አንዲት የምስጋና ቃል ልትመጣ ትችል ነበር፤ ከመስመሩ ወዲያ የእትዬ ትንፋሽ ሲወጣ ሲገባ ይሰማታል። «ነገ ያስወጡኛል። መቼ ነው የምትመጪው? ልብሱ ተከምሯል፣ ልጆቹም...»

«እሁድ እመጣለሁ» አለች ትንሿ። ከጋሼ ፊት ይልቅ ይኸኛው ከበዳት። «ግን እትዬ፣ የምመጣው ልጠይቅሽ ነው። ሰው የታመመ እንደሚጠይቅ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ። ለልብሱ ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ትንሿ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው።

«ብርቱካን ላምጣልሽ ወይስ ሙዝ?»

«ምን አስቸገረሽ፤ ብርቱካን ካገኘሽ» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ እንደሚግደረደር እንግዳ ድምፅ ነበር።